የሳን ሲሪሎ ቢላዎች የደነዙበት ሰሞን

ዋልዴማር ፒንቶስ አባት ለመሆን ፈቃድ ማውጣቱን እኛ የሳን ሲሪሎ ሰዎች የሰማነው ከጎረቤቱ ከአሮጊቷ ዶኛ ኒቢያ ነው። እሳቸው ደግሞ የሰሙት ከራሱ አፍ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ የሽንት ጨርቅ ሲያሰጣ በአጥር በኩል ያዙት።

«ዛሬ ሰኞ መስሎኝ ነበር» አሉት፣ ፔርሙሳቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው የማቴ ሻይ መጠጫ ቅላቸውን በእጃቸው እንደያዙ።

«ሰኞ ነው፣ ዶኛ ኒቢያ።»

«ታዲያ ብስክሌትህ ምን ሆነ? ጎማው ተነፈሰ?»

«ምንም አልሆነም። ፈቃድ ላይ ነኝ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የአባትነት ፈቃድ።»

ዶኛ ኒቢያ ማቴያቸውን ሳይቸኩሉ ጠጥተው ጨረሱ። ሰባ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እጁ ሲገባ አይጣደፍም።

«ሞተር ሳይክል ለመንዳት ፈቃድ እንደሚወጣ አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህም ጀመሩ? ደግሞ ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ነው የወጣልህ። አምና ያለ ፈቃድ ነበራ ስትነዳ የከረምከው።»

ዋልዴማር ጆሮው ድረስ ቀላ። ዶኛ ኒቢያም ከምሳ በፊት ወሬውን በየቤቱ አዳረሱት። እስከ ማታ ድረስ ያላወቀ ቢኖር መስማት የተሳናቸው ዶን አታናሲዮ ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸውም ማክሰኞ በጽሑፍ ደረሳቸው።

ሰው መገረሙ አይፈረድበትም። ዋልዴማር ቢላ ስሎ አዳሪ ነው፤ አባቱም ቢላ ስሎ አዳሪ ነበር። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል፣ ከመንደር መንደር፣ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ይከርምና ዓርብ ይመለሳል። የኋላውን መቆሚያ ሲያወርደው ብስክሌቱ ባለበት ይቆምና ፔዳሉ መሪው ፊት የታሰረውን የመሳያ ድንጋይ ያሽከረክራል። መምጣቱን የሚናገረው ከአባቱ በወረሳት ትንሽ ዋሽንት ነው፤ ከንፈሩ ላይ ወዲህና ወዲያ ያንሸራትታታል። ያቺ ዋሽንት ስትሰማ ማንም ማንንም ሳይጠራ የኩሽና መሳቢያ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ ቢላና መቀሱን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። እግር ራሱ ነው የሚነሳው፣ ሐሳብ ከኋላ ይደርሳል። ሳን ሲሪሎ ውስጥ ያቺን ዋሽንት ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው ወይ ታሟል ወይ እንግዳ ነው።

ደግሞ እጁ ፈጣን ነው። አንድ ቢላ በሦስት ደቂቃ ይመልሳል። ያም ሆኖ ዶኛ ኒቢያ ሁልጊዜ አጠገቡ ቆመው «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ ድንቹ እየጠበቀኝ ነው» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ድንች ሲጠብቃቸው ኖሯል።

የፈቃዱ ነገር የመጣው በሚስቱ በሮሲና ነው። ሮሲና የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ፎርም ስታይ ሌላው ሰው ኬክ ሲያይ ደስ እንደሚለው ደስ ይላታል። ከሦስት ዓመት በፊት ጎትታ ወስዳ በግል ሠራተኝነት አስመዘገበችው፤ እሱም በየወሩ መዋጮውን ሲከፍል «ለአንድ ድንጋይና ለአንድ ብስክሌት ምን ዋስትና ያስፈልገዋል?» እያለ ያጉረመርም ነበር። ልጅቷ ሴሌስቴ ረቡዕ ዕለት በኦፕሬሽን ተወለደች። ሐኪሙ ሮሲናን ከሕፃኗ የከበደ ነገር እንዳታነሺ፣ ለጥቂት ሳምንትም ከአልጋ የሚያነሳሽ ሰው ይኑርሽ አላት። እሷም ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ «በል አሁን ያንን ያጉረመረምክበትን መዋጮ ሄደህ ተጠቀምበት» አለችው።

ዓርብ ዕለት በአውቶቡስ ወደ ከተማ ሄዶ በማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ መስኮት ላይ ቀረበ። አንድ ወጣት ጸሐፊ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታለትና ደንቡን አነበበለት። ከሰኞ ጀምሮ ሃያ ቀን ያለ ሥራ ከልጁ ጋር ይቀመጣል፤ ለእነዚያ ቀናት መንግሥት ይከፍለዋል፤ ሥራውን ሲሠራ ከተገኘ ግን ፈቃዱ በዚያው ይሰረዛል።

«የቤቴን ቢላስ?» ሲል ጠየቀ ዋልዴማር።

«ማለት?»

«ሚስቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን። እሱን ብስል ሥራ ነው?»

ጸሐፊው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቆየ፣ ተመለሰ።

«ባይነኩት ይሻላል ብለዋል።»

«እነማን?»

«ውስጥ ያሉት።»

ዋልዴማር ውስጥ ያሉትን የሚያከብር ሰው ነው። ቤቱ እንደ ገባ ብስክሌቱን ጎተራ ውስጥ ከቶ ብርድ ልብስ አለበሰው፤ የቤቱንም ቢላ አልነካም። በሳምንቱ ሮሲና «የቢላ ስሎ አዳሪ ሚስት ሆኜ ዳቦ በእጄ እየገመጥኩ ልበላ?» ብላ ሳቋ መጣ፤ ግን የኦፕሬሽኑ ቁስል ስለሚያማት መሳቅም አልቻለችም።

እውነቱን ለመናገር ዋልዴማር እነዚያን ሃያ ቀናት ሲቀበል ከገንዘቡ ይልቅ ቀኖቹን ነው የፈለጋቸው። እሱ ሲወለድ አባቱ መንገድ ላይ ነበር። አባትና ልጅ የተያዩት ልጁ በተወለደ በአርባ ቀኑ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከአባቱ የሚያስታውሰው ሰኞ ሰኞ ዋሽንቷ ከጥግ ወደ ጥግ እየራቀች ስትሄድ ነው፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጥ ነበር። አባቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከልጁ ጋር የሚቀመጥበት ቀን የሰጠው ስላልነበረ ነው። ዋልዴማር እነዚህን ቀናት የሚያስነጥቅ ነገር እንዳይመጣ ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም ለሮሲና ብቻ ነግሯታል።

ሴሌስቴ ግን የአባቷ ሐሳብ አልገባትም። ታለቅሳለች። ጠብታ እንባ ሳይወጣት በጩኸት ብቻ፤ በዶኛ ኒቢያ አባባል ባቡር ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ በሳን ሲሪሎ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማም። ዋልዴማር ተሸክሞ ዞረ፣ ዘፈነላት፣ የማያውቀውን ጭፈራ ጨፈረላት፣ ሬዲዮ ከፈተላት፣ ዘጋላት። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሌላ የሚሞክረው ሲያጣ ኮቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከተተና ዋሽንቷን አገኛት። ከንፈሩ ላይ አድርጎ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አንሸራተታት።

ሴሌስቴ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ከዚያ ዘጋችው። ከዚያ ዓይኖቿም ተከደኑ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ለመተንፈስም ፈሩ። ሮሲና በጣቷ ድገመው አለችው፣ ደገመው፤ ሕፃኗ በደንብ አሸለበች። ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ዶኛ ኒቢያ ሁለት ቢላ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ልብስ ሰፊዋ ከነመቀሷ፣ ከእሷ ኋላ ሥጋ ሻጩ ኤልቢዮ ሽርጡን እንደ ታጠቀ፣ ስድስት ቢላ በጋዜጣ ጠቅልሎ።

«አይ፣ ሥራ አልጀመርኩም» አለ ዋልዴማር በሹክሹክታ። «ለልጄ ነው የነፋሁት።»

«ልጅህ ቢላ አላት?» አለ ኤልቢዮ።

«ተኛችልኝ እኮ። ዝም በል።»

«አየህ፣ እኔ ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት። ነፋህ፣ መጣሁ። ሳልልኝ።»

«አልችልም። ፈቃድ ላይ ነኝ።»

ዶኛ ኒቢያ ነገሩን በቶሎ ተረዱት፤ ሴትዮዋ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። ቢላቸውን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እየሳቁ። ልብስ ሰፊዋም ሄደች። ኤልቢዮ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እሱ ነገር አንዴ ካስቀየመው ቶሎ አይለቀውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሽንቷ በቀን ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ ትነፋለች። በቀን ሦስቴ፣ አራቴም ሳን ሲሪሎ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል። የምንደርስበት ነገር እንደሌለ እናውቃለን፤ ሆኖም እንነሳለን። ግማሹ መሳቢያውን ከፍቶ ያስታውስና ይዘጋዋል፣ ግማሹ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ጎረቤቱን አይቶ ይስቃል። ዶን አታናሲዮ እንኳን ሳይሰሙ ሌላው ሲነሳ እያዩ ይነሱ ነበር። ኤልቢዮ ብቻ እስከ ዋልዴማር በር ድረስ ይመጣል።

«ቤተ ክርስቲያን ደወል ደውሎ ዛሬ ቅዳሴ የለም ይላል እንዴ?» ይለዋል። «ወይ አትንፋ፣ ወይ ሳል። ለእሑድ ጥብስ ሰው የጎድን አጥንት ሲያዘኝ በመጋዝ ነው የምቆርጠው። አናጢ አደረከኝ።»

«ሃያ ቀን ነው ኤልቢዮ። ታገሰኝ።»

«ለሌላው በድብቅ እየሳልክ የምትመልሰው እኔን ብቻ ቢሆንስ?»

«ለማንም አልሳልኩም።»

ኤልቢዮ አላመነም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ለራሱ ጉዳይ ወደ ከተማ ሄደ፤ ወረፋ ሲጠብቅም ያ የማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ መስኮት ፊቱ ነበር። ተራው ሲደርስ የራሱን ጉዳይ ረስቶ የዋልዴማርን አነሳ። ክስ ማቅረቡ አልነበረም፤ ብሶቱን መተንፈሱ ነበር። «እኔ የምለው፣ በቀን ሦስቴ ዋሽንት እየነፋ ሰው የሚሰበስብ ሰው ቢላዬን አልስልም ማለት ይችላል? እስቲ እናንተ ንገሩልኝ» አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳና «በቀን ስንቴ ይነፋል አሉኝ?» ብሎ ጠየቀው። ኤልቢዮ በሕይወቱ የመንግሥት ሰው ቃሉን ሲጽፍለት የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ብሎት የሰፈሩን፣ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ጭምር አስመዘገበ።

ማታ ሱቁ ውስጥ ሲያወራው ዶኛ ኒቢያ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ሊገዙ ቆመው ነበር።

«ኤልቢዮ» አሉት፣ «እዚህ ሱቅ ውስጥ የተሳለው ምላስህ ብቻ ነው፤ እሱንም የማይሆን ቦታ ነው የመዘዝከው። ያ ልጅ ሲሠራ ከተገኘ ፈቃዱ እንደሚሰረዝ አታውቅም?»

ኤልቢዮ አያውቅም ነበር። ሽርጡን ሳይፈታ ወደ ዋልዴማር ቤት ሄደ፤ አንድ ሙሉ የጎድን አጥንት ተሸክሞ፣ ጠርዙ በመጋዝ እንደ ተቆረጠ ያስታውቃል።

«አንድ ነገር አድርጌያለሁ» አለ በሩ ላይ። «ከመናገሬ በፊት ሥጋውን ተቀበለኝ።»

ዋልዴማር ሁሉንም ሰማ። ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ አልቻለም፣ ደግሞም መቆጣት አያውቅበትም።

«ፈቃዱ ከተሰረዘ የሚመጣው ሰኞ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው» አለ። «ሮሲና ገና ባልዲ አታነሳም። እቺን ማን ይይዛታል?»

«እኔ እይዛታለሁ» አለ ኤልቢዮ፤ ከዚያ እጆቹን አየና ከኋላው ደበቃቸው።

ያን ቀን ዋልዴማር ዋሽንቷን በጨርቅ ጠቅልሎ የሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበራት። ሴሌስቴ በበኩሏ ዋሽንቷ እስክትመጣ ለማልቀስ ቆርጣ ተነሳች። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፣ ሌሊቱንም ጨመረችበት። ከአጥሩ ማዶ ዶኛ ኒቢያ «ንፋላት፣ ሰው ጨረሰች!» ብለው ጮሁ፤ እሱ ግን አልነፋም። ዘጠኝ ቀን አልፏል፣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል፤ የቀረውን በአንዲት ትንፋሽ ሊያጠፋው አልፈለገም።

ረቡዕ ዝናብ ጣለ። ሮሲና ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሳን ሲሪሎ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ሁሉ ቤት እንደሚደረገው፣ ዋልዴማርን ዱቄት አስቦክታ ቶርታ ፍሪታ የሚሉትን የዘይት ቂጣ ታስጠብሰው ነበር። እሱ በአንድ እጁ ሴሌስቴን አቅፎ በሌላው ጥብሱን ይገለብጣል። በሩ ሲንኳኳ ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ረጅም ሴት ገባች፤ ጃንጥላዋን አጥፋ መታወቂያዋን አሳየች። የቢሮው ኢንስፔክተር ሴኞራ ኤቼቬሪ ነበረች።

«ሴኞር ፒንቶስ» አለች፣ «በፈቃድዎ ቀናት ሥራ እየሠሩ መሆኑን...»

የቀረውን ማንም አልሰማውም። ሴሌስቴ ጮኸች።

«መሆኑን የሚያመለክት...» አለች ሴኞራ ኤቼቬሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሴሌስቴም ከፍ አደረገች። ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ አሳየችው፦ ዋሽንት ይነፋሉ? ዋልዴማር ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ። ለምን? ጣቱን ወደ ልጁ ቀሰረ። ሴኞራ ኤቼቬሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሰዎች ሲዋሹ ሰምታለች፤ ቅንድቧን ብቻ አነሳች።

ሮሲና ይህን ጊዜ ጎኗን ይዛ ተነሳች። የሩዙን ቆርቆሮ ከፍታ፣ ክንዷን እስከ ክርን ከትታ፣ ዋሽንቷን አወጣችና ባሏ እጅ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«አይሆንም» አለ ዋልዴማር። «ከነፋሁ ሥራ ነው።»

«ካልነፋህም ውሸታም ነህ» አለች ሮሲና። «ንፋ፣ እኔ አለሁ።»

ከዋሽንቷ ላይ ሁለት ፍሬ ሩዝ አራግፎ ነፋ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ።

ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ አስደነገጣቸው። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል፣ ድስቱ ውስጥ የሚንጨረጨረው ዘይት ይሰማል። ሴሌስቴ አባቷ ደረት ላይ ጉንጯን አስደግፋ ተኝታለች። ሴኞራ ኤቼቬሪ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ፊቷም ትንሽ ፈታ አለ።

በሩ ተንኳኳ።

ዋልዴማር ዓይኖቹን ጨፈነ። ለሁለት ቀን ዋሽንት ያልሰማው ሰፈር እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ዝናቡ ውስጥ ወጥቷል። ዶኛ ኒቢያ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዶን አታናሲዮ፣ ሌሎችም፤ ሁሉም ቢላ ይዘው። ኤልቢዮ እንኳ ሳይቀር ቢላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቆሟል፤ ኢንስፔክተሯን ሲያይ ጥቅሉን ሽርጡ ውስጥ ለመደበቅ ሞከረና ሁለት ቢላዎች ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው የሚፈልገው?» አለች ሴኞራ ኤቼቬሪ።

ዋልዴማር ሁሉም ነገር እንዳለቀ ተሰማው፤ ልጁን ጠበቅ አድርጎ ያዛት፣ የሚያስለቅቁት ይመስል።

«ሲነፋ መምጣት ልማዳችን ነው» አሉ ዶኛ ኒቢያ። «ጅል መሆናችንን ጻፉብን፣ እውነት ነው። እሱ ግን አልሳለልንም። ካላመኑኝ ይኸው» ብለው ቢላቸውን በእጀታው በኩል አቀበሏት።

ሴኞራ ኤቼቬሪ ቢላውን ተቀብላ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ቋሊማ ነበር። ቢላውን ጭና ገፋች፤ ቋሊማው ሳይቆረጥ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስታ እንደገና ሞከረች። ቆዳውም አልተጫረም።

«ቀጥሎ» አለች።

ኤልቢዮ ስድስቱንም በተራ አቀረበ። አንዱ ትንሽ የቆረጠ መስሎ ነበር፤ ሲታይ ግን ቋሊማው በግፊት ተጨፍልቆ ነው። የልብስ ሰፊዋ መቀስ ወረቀት አኝኮ ተፋው። የዶን አታናሲዮ ቢላ ታጠፈ። ሴኞራ ኤቼቬሪ እያንዳንዱን ሞክራ ትጽፋለች፣ ሰዉም ቢላው አልቆርጥ ባለ ቁጥር ይኮራል። በመጨረሻ የቤቱን ቢላ ጠየቀች። ሮሲና አምጥታ ሰጠቻት። ኢንስፔክተሯ ስለቱን አየችና መዳፏ ላይ ጎተተችው፤ ምንም አልሆነችም።

«ይኼ የእርስዎ ነው?» አለች ዋልዴማርን። «የራስዎ?»

«ባይነኩት ይሻላል ብላችሁኛል እኮ» አለ ዋልዴማር። «ውስጥ ያሉት።»

ሴኞራ ኤቼቬሪ ለትንሽ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሁለት ሦስቴ ተንቀጠቀጠ፤ ስትመለስ ፊቷ እንደ ቀድሞው ኮስተር ብሏል። የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበች፦ «በመንገዱ ነዋሪዎች እጅ የተገኙ አሥራ አንድ ቢላዎችና ሦስት መቀሶች ተፈትሸዋል። አንዱም አይቆርጥም። ባለ ፈቃዱ ሥራ እየሠሩ አለመሆናቸው ተረጋግጧል።» ፈረመች። ሮሲና የሰጠቻትን ቶርታ ፍሪታ ቆማ በላች፣ ሁለተኛም አልተግደረደረችም። ልትወጣ ስትል ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የስፌት መቀስ አየት አደረገችና መልሳ ከተተችው።

«ሥራ የሚጀምሩት መቼ ነው ያሉኝ?»

«የሚቀጥለው ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች፣ ጃንጥላዋን እየከፈተች።

የቀረው አሥር ቀን እንዴት እንዳለፈ ዋልዴማር ራሱ አያውቅም። ዋሽንቷን በነፃነት ነፋ፣ ሽንት ጨርቅ አሰጣ፣ የዶኛ ኒቢያን ፌዝ ቻለ። ኤልቢዮ በየቀኑ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ሕፃኗን ያያትና ይሄዳል፤ ምን እንደሚያስብ አልተናገረም። እሑድ ማታ ዋልዴማር ብስክሌቱን ከብርድ ልብሱ ገልጦ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ። ልጅቷ አሁን ዋሽንቷ ወዳለችበት ፊቷን መመለስ ጀምራለች። ነገ ሲነፋ ፊቷን ትመልሳለች፣ ድምፁ ግን እየራቀ ይሄዳል። ይህን ሲያስበው ሰኞ ሁለት መንገድ አልፎ ካልሆነ ላይነፋ ወሰነ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱንም ሳመ፣ ብስክሌቱን እየገፋ የግቢውን በር ከፈተ፤ ማለፊያም አጣ።

ሰልፉ ከበሩ ጀምሮ የሥጋ ቤቱን አልፎ ይሄዳል። የሳን ሲሪሎ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከየእርሻው በፈረስና በጭነት መኪና የመጡ አሉ፣ እሱ በሳምንቱ እየዞረ የሚያገኛቸው ሁሉ። ኤልቢዮ ለአሥር ቀን ሥጋ በጠቀለለ ቁጥር «ሰኞ ጠዋት እቤቱ ድረስ አምጡ፣ ዋሽንት አትጠብቁ» እያለ ለሰዉ ሲናገር ከርሟል። አሁን የሰልፉ መሐል ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። የከተማው አውቶቡስ ሹፌርም ማኅተም ያለበት የቢሮ ፖስታ ይዟል፤ ዋልዴማር ፖስታውን ሲያይ ቀልቡ ተገፈፈ፤ ሲከፍተው የስፌት መቀሱ ወጣ፣ ከቁራጭ ወረቀት ጋር፦ «ሲመችዎ»።

በሰልፉ ራስ ላይ ዶኛ ኒቢያ ከቤታቸው ባመጡት ወንበር ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ሥራ ነዋ። ፈቃዴ አለቀ።»

«ያኛው የመንግሥት ፈቃድ ነበር። ይኼኛው የኛ ነው። ፎርም የለውም። ብስክሌትህን እዚያው ግቢህ ውስጥ አቁመው፣ ልጅህ ትስማህ።»

ዋልዴማር ሰልፉን አየ፣ እስከ መጨረሻው። ከኋላው ሮሲና ሴሌስቴን አቅፋ ደጃፉ ላይ ወጥታለች።

«ለስንት ቀን ነው?» አለ።

ዶኛ ኒቢያ ከወንበራቸው ተነስተው ቢላቸውን እጁ ውስጥ አስቀመጡለት። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆመው ያጣደፉት ሴትዮ ናቸው፤ ድንቹ ዛሬም እቤት አለ።

«እሱ እንደ አሳሳልህ ነው» አሉት። «ቀስ ብለህ ሳለው።»